ግንበኛው የመረጠው ጥግ

ሰው ሲወድ ዓይኑ ይታወራል ይባል የለ? እንጃ። ኢንጂነሩ እንኳ በፍቅር ሲወድቅ ጭራሽ ዓይኑ በራ። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የረጠበ ጣሪያ፣ የጠበበ በር፣ ምን የማይታየው ነገር አለ! ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

"ጨዌ" እያለ ነው የሚጠራት። እጇ ምንጊዜም ጨው ጨው ይላላ! የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ፣ በየቢሮውና በየሰዉ ቤት እየዞረች አኳሪየም ትንከባከባለች። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የነኢንጂነሩ ቤት ተራ ነው። ባልዲዋን በአንድ እጅ፣ እጀታው ረጅም የሆነውን የመስታወት መፈቅፈቂያ በሌላው ይዛ ስትመጣ፣ ዘበኛው ገና ከሩቅ ይቀበላታል።

"ዶክተር! በሽተኞችሽ ደህና አድረዋል። አንዳቸውም አላሳሉም።"

"ጋሼ፣ እርስዎ እያሉላቸው ምን ይሆናሉ?"

እትዬ ግን፣ የኢንጂነሩ እናት፣ ዶክተር ብለዋት አያውቁም። "ዓሣ አጣቢዋ መጣች?" ነው የሚሉት፣ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማቻቸው። እውነቱን ለመናገር ታላቅ እህቷም አትሻልም። "እኔ የማይገባኝ" ትላታለች ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ፣ "ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል ፍጡር ምኑ ይታጠባል?"

የነኢንጂነሩ አኳሪየም የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከሞላ ጎደል ይዞታል። ያሠሩት አባትየው ናቸው፤ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ውሃው እንደ ባሕር ጨዋማ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ኮራል በቅሏል፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ውር ውር ይላሉ። ከነሱ ሁሉ የሷን ልብ የወሰደው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሷ ናት "ግንበኛው" ያለችው። ቁመቱ ከእስክሪብቶ አይበልጥም፣ አፉ ግን ለሦስት ዓሣ ይበቃል፤ ዓይኑ ደግሞ ሁሌ እንደደነገጠ ሰው ፍጥጥ ያለ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። አሸዋውን በአፉ ዝቆ ያወጣል፣ ጠጠርና የዛጎል ስባሪ ለቅሞ ግድግዳውን ይደረድራል፣ ካልጣመው ይተፋና እንደገና ይጀምራል። ሲጨርስ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ዓለሙን ይታዘባል።

ታዲያ ያን የሚያህል ገንዳ ትቶ የት ቢሆን ጥሩ ነው የቆፈረው? የኋላው ጥግ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ ልክ ከፓምፑ ቧንቧ ሥር! ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጨርሶ አይታይም። እሱን ለማየት ከገንዳው ጎን ሄዶ ጉንጭን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግድ ነው።

እና የዛሬ ስምንት ወር፣ አንድ ሰኞ፣ እሷ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ኢንጂነሩ መጣ።

"ምን እያየሽ ነው?"

"እሽ! ቤት እየሠራ ነው።"

እሱም መጣና ጉንጩን ለጠፈ። መጀመሪያ ሁለቱም ያዩ የነበረው ዓሣውን ነው። ከዚያ ግን እሷ ዓይኗን ስታነሳ እሱ ዓሣውን ማየት ካቆመ ቆይቷል። ፊቷ ጋለ። ባልዲዋን አንስታ እብስ አለች፣ መፈቅፈቂያዋን እዚያው ረስታ።

ከገንዳው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ የውሃ ደብተር አለ። በመጣች ቁጥር ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ጨዉን ትጽፍበታለች። በቀጣዩ ሐሙስ ስትከፍተው ከሷ ጽሑፍ ሥር በሌላ ሰው እጅ፣ "ውሃው ደህና ነው ብለሻል። እኔስ?" የሚል አገኘች። ሳቋን አፍና፣ "አንተን የሚለካ መሣሪያ አልያዝኩም" ብላ ጻፈች። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብተሩ አለቀና ሁለተኛ ተገዛ። እትዬ ልጃቸው ለዓሣ ጤና እንዲህ መጨነቁ ገርሟቸው ነበር መጀመሪያ አካባቢ። እንዴት እንደነቁባቸው አይታወቅም፤ ብቻ አንድ ቀን፣ "ዓሣ አጣቢ ለቤቴ? ምን ቀረኝ!" ሲሉ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ኢንጂነሩ ግን አላፈገፈገም። አንድ ቀን እንዲያውም ቤቷ ድረስ ሄደ። እህትየው የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበትን የፊት ክፍል አልፎ፣ የጨዌን ጓዳ አየ። አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን የምታህል መስኮት። ጥጉ ላይ ግድግዳው ረጥቦ ቀለሙ ተልጧል። እዚያው በር ላይ እንደቆመ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እዚህ ነው የምትኖሪው?"

"ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትያለሽ! ይሄ ክፍል ይገድልሻል።"

"እስካሁን አልገደለኝም" አለች እየሳቀች። እናታቸው የሞተች ጊዜ እህትየው ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ልትሰጣት ነበር። ይሄኛውን የመረጠችው እሷ ናት፤ ከግድግዳው ማዶ የእህቷ የስፌት መኪና ትር ትር ሲል ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። ይሄንን ሁሉ ነገረችው። ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዓይኑ ግን የተላጠው ቀለም ላይ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ሲያለቃቅስ ዋለ። ጨዌ እጇን እስከ ክንዷ ውሃው ውስጥ ከታ ትሠራለች፤ እትዬ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ኢንጂነሩ ሥራ የሚሄድ መስሎ ቆሟል።

"ይሄ የማይታይ ዓሣ ግን ለምን ይቀለባል?" አሉ እትዬ። "ሰው ሲመጣ የሚደበቅ፣ ሰው ሲሄድ የሚወጣ። ዓሣ ነው አይጥ?"

"እትዬ፣ ከጉድጓዱ ቢያወጡት ይታመማል።"

"አውጡት መቼ አልኩ? ለምን ይቀለባል ነው ያልኩት።"

"ቦታው ግን እውነትም መጥፎ ነው" አለ ኢንጂነሩ። "ጨለማ፣ ቧንቧ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ። ፊት ለፊት ያን የመሰለ ቦታ እያለለት።"

"ላንተ ነዋ መጥፎ። እሱ ሦስት ሳምንት ዞሮ ነው ያገኘው።" እጇን ከውሃው አወጣች። "የኛ ድርሻ አሸዋውን ጠለቅ ማድረግ፣ ጠጠር መበተን፣ ምግቡን ደጁ ማድረስ፣ ክዳኑን መዝጋት ነው። ቤቱን እሱ ይምረጥ።"

"ክዳኑ ደሞ ለምን?"

"ጉድጓዱን ካጣ ይዘላል። ከላይ ምን እንዳለ አያይም፣ ዝም ብሎ ይወረወራል።"

"እንዴት ያለ ግትር ነው!"

"መሐንዲስ አይደል?" አለች። እትዬ ሳይቀሩ ከንፈራቸው ፈገግ ሊል ሲል ያዙት።

እትዬ ሲወጡ ኢንጂነሩ ጠጋ አለ። "እሑድ ምሳ እዚህ ነሽ። እማዬም አለች። ታገቢኝ እንደሆነ፣ አታገቢኝም እንደሆነ ቁርጡን ንገሪኝ። ከዚያ በላይ አልችልም፣ በእውነት አልችልም።"

ደብተሩን አወጣችና ከሙቀቱና ከጨዉ ሥር፣ "እሑድ እመጣለሁ። መልሴን በአፌ እነግርሃለሁ" ብላ ጻፈች።

መልሷ እሺ ነበር። ሐሙስ ዕለት በዝናብ ወደ ቤቷ ስትሄድ እሺ፣ ዓርብ ሱቅ ስትውል እሺ፣ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ልትለምነው አስባለች፦ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያችው ጓዳዋ ልትቆይ፣ ከእህቷ ቀስ ብላ ልትለይ። ለእህቷ ግን ገና አልነገረቻትም። እህትየው ሰማያዊ ቀሚስ ስትሰፋላት፣ "ለምንድነው?" ብትላት፣ "አንድ ደንበኛ ምሳ ጠርቶኝ ነው" አለቻት። ኮሌታውን ሁለቴ ፈታ ሁለቴ ሰፋችው፣ ከአንገቷ ጋር ልክ እስኪመጣ።

እሑድ ደረሰ። ኢንጂነሩ በር ላይ ጠብቆ ከኋላዋ ዓይኖቿን በሁለት እጁ ሸፈናቸው።

"ቀስ... ደረጃ አለ... አሁን ቁሚ። አንድ፣ ሁለት..."

ከፈተላት።

ገንዳው ሌላ ሆኗል። ትልቁ ድንጋይ ከቦታው ተነስቶ መሐል ላይ ቆሟል። ፊት ለፊት፣ አዲስ መብራት ሥር፣ ከነጭ ድንጋይ የታነጸ እንደ ቪላ ያለ ነገር አለ፤ ለበር የሚሆን ቧንቧ ተገጥሞለታል። ከላይ ክዳኑ የለም። የኋላው ጥግ ተደርምሷል፤ ያ በአፍ ተለቅሞ የተደረደረ ጠጠርና ዛጎል አሸዋው ላይ ተበትኖ ይታያል።

"ከዛሬ ጀምሮ ግንበኛው የሳሎን ነዋሪ ነው!" አለ ኢንጂነሩ፣ ፊቱ እያበራ።

"መቼ ነው ያነሳኸው?"

"ዓርብ ከሰዓት። በመረብ ያዝኩትና..."

"ክዳኑስ?"

"መብራቱን ጋረደብኝ።"

"ዛሬ አይተኸዋል?"

"ትናንት ጠዋት እዚች ጋ ነበር። አዲስ ቤት ነው፣ አፍሮ ይሆናል፣ ይለምዳል።"

ጫማዋን አወለቀች። በሰማያዊ ቀሚሷ ተንበረከከች፣ ጉንጯን ወለሉ ላይ አደረገች፣ ሐሙስ ትታው የሄደችውን መፈቅፈቂያ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሐል አስገባች። ቀስ ብላ ሳበች። አቧራ መጣ። ከአቧራው ጋር ግንበኛው መጣ። ደርቆ እንደ ቅጠል ቀሏል። አፉ ውስጥ አንዲት የዛጎል ስባሪ አለች። ሲዘል እንኳ አልጣላትም።

መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

"ጨዌ..." አለ ኢንጂነሩ። "የተሻለ ቤት እኮ ነው የሠራሁለት። ሁለት ቀን ሙሉ እጄ እስኪላጥ..."

"ጠይቀኸዋል?"

"ዓሣ ይጠየቃል?"

"ሳትጠይቀው ነግሮሃል እኮ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፉ እየተሸከመ ነው የነገረህ።"

"እሺ፣ አጠፋሁ። ከእግርሽ ሥር ልውደቅ፣ አጠፋሁ። ብቻ ዛሬን አታበላሺብኝ።" እጇን ሊይዝ ፈለገ፣ እጇ ላይ ግን ግንበኛው አለ። "ሌላ የሚያስደስትሽ ነገር አለ። አፓርታማ ይዤልሻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ይሄን ያህላል፣ ጠዋት ፀሐይ ሙሉውን ይገባል። ዕቃሽ አሁን እየተጫነ ነው። ለእህትሽም ቅድም፣ አንቺ መንገድ ላይ እያለሽ፣ ደውዬ ነገርኳት።"

ሌላውን መዳፏን ግንበኛው ላይ ከደነችው።

"እኔ እሺ ሳልል?"

"እሑድ እመጣለሁ ብለሽ የለ? እምቢ የሚል ሰው ምሳ ይመጣል?" ዓይኗን ፈለገ። "ንገሪኝ እንጂ። እሺ ልትዪኝ አልነበር?"

"ነበር።" እንባዋ ኮሌታዋ ላይ ወረደ። "አፌ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ምን ተለወጠ?"

"አልጠበቅከኝማ። ሦስት ደቂቃ ነበር የቀረኝ። እሷን እንኳ አልጠበቅከኝም።"

ግንበኛውን በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እትዬ ቆመዋል። አሁን ደግሞ ስድቡ ሊመጣ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

"አንቺ ልጅ" አሉ። "አትንካው ብዬው ነበር። እኔን ማን ይሰማል?"

ቀና አለች።

"አባቱም እኔን እንዲሁ ነው ያመጡኝ። አስተማሪ ነበርኩ፣ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ሻንጣዬ መኪና ላይ ተጭኖ ጠበቀኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ምን ያላደረጉልኝ ነገር አለ?" ጣሪያውን፣ መጋረጃውን፣ ምንጣፉን አንድ ባንድ አዩት፣ የሰው ቤት እንደሚያዩ ሁሉ። "ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጥኩ። ሰዉ ሁሉ ተመችቷት ነው ይላል። ክዳኑ ተዘግቶ ነው እንጂ..."

ሳይጨርሱት ዣንጥላ ከመስቀያው አወረዱና እጇ ላይ አደረጉት።

"ሂጂ። ልጄን እወደዋለሁ፣ አንጀቴ ነው። ግን ሂጂ።"

ስምንት ወር የፈራቻቸው ሴትዮ አቅፈዋት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። እንደዚያ በሩቁ ቆመው ሲያይዋት ልቧ ፍርስ አለ።

ቤቷ ስትደርስ ጓዳው ባዶ ነው። አልጋው የቆመበት ቦታ ላይ አራት የእግር ምልክት፣ መደርደሪያው የነበረበት ላይ ያልደበዘዘ ቀለም። ያቺ ጠባብ ክፍል ባዶዋን ስትሆን ምን ያህል ሰፊ ነች! ከማዶ የስፌት መኪናው ትር ትር ይላል። እህትየው ቀና አላለችም።

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

"እታለም፣ ስሚኝ..."

"ደንበኛ ምሳ ጠራኝ ነው ያልሽኝ። ኮሌታውን ሁለቴ ነው የፈታሁት።"

"እኔ አላልኩም፣ እታለም። እሺ አላልኩትም። ሳይጠይቀኝ ነው።"

"ጫኞቹ ሲመጡ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?" መኪናው ቆመ። "ብርድ ልብስሽን እኔው አጣጠፍኩላቸው። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቀለልኩት። ስታለቅስ አየናት እንዳይሉ፣ ተመርጣለች፣ ይቅናት አልኩኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አንቺ ያልነገርሽኝ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።"

"ዛሬ ልነግርሽ ነበር። ለሱ እንደነገርኩት፣ ቀጥዬ።"

"ቀጥለሽ።" እህትየው ቃሉን እንደ ክር ጫፍ ያዘችውና ለቀቀችው። እግሯ እንደገና መርገጫው ላይ ወረደ። ትር ትር ትር። ጨዌን ዕድሜ ልኳን ያስተኛት ድምፅ፣ ያን ቀን ጀርባውን የሰጣት መሰለ።

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውጭ መኪና ቆመ። ጫኞች የሉም፤ ኢንጂነሩ ብቻውን ነው። የምሳ ልብሱ ላይ ዝናቡ ወርዶበት ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ በስፌቱ ክፍል አለፈ። እህትየው እግሯን ሰብስባ አሳለፈችው። ተመልሶ መደርደሪያውን አመጣ። ከዚያ ብርድ ልብሱን፣ እንደተጠቀለለ። በመጨረሻ የአልጋውን ራስጌ ተሸክሞ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

ጨዌ ባዶው ክፍል መሐል ቆማለች። እሱ አልገባም። ያ ሁሌ የሚያየው የተላጠ ግድግዳ ፊቱ ነው፣ ዛሬ ግን ወደዚያ ዞር አላለም። እሷን ነው የሚያየው። ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ እጁ ሥራ ይዞበታል፣ አይጠርገውም።

"የት... የት ላድርገው?" አላት።

ወለሉ ላይ አራቱ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕፃን ልጅ እንኳ የት እንደሆነ ያውቃል። ግን ጠየቃት። ከተዋወቁ ጀምሮ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ቆሞ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

መልስ ፈለገች። እዚያ ልትል፣ ውጣ ልትል፣ ና ልትል፣ አፏን ከፈተች። ጠዋት እሺታ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የአልጋው እግር ዓይነት ምልክት ብቻ ቀርቷል።

"አላውቅም" አለች።

እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አላስቀመጠውም። ከባዱን እንጨት እንደታቀፈ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እሷም አስቀምጠው አላለችውም። እንዲህ ሆኖ ስታየው ቢያንስ ብትጠላው ምንኛ በቀለላት፤ ግን ትወደዋለች፣ ከጠዋቱም ይልቅ አሁን ትወደዋለች፣ ያም መውደድ እንደዚያ እንጨት ክብድ አላት፣ የምታሳርፍበት ጠፋት።